ጉርብትና መቼ ልብን ያሰፋል? ከወንጂ እስከ ደራ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው አዋሽ መልካሳን አልፎ የአርሲዋን ደራ ያገኛል። በዚህ አካባቢ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ደጆችም አይራራቁም። ይህ ቅርበት ግን በራሱ የሌላውን ስሜት መረዳትን ያስገኛልን? የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ቅርበት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም የሚል ነው፤ ወሳኙ ሰዎች የሚገናኙበት ሥርዓት ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ግንኙነት ጭፍን ጥላቻን የሚያረግበው እኩልነት፣ የጋራ ግብ፣ ትብብርና የሕግ ወይም የልማድ ድጋፍ ሲኖረው እንደሆነ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎቹ ፔቲግሩና ትሮፕ 515 ጥናቶችን መርምረው፣ ግንኙነት እነዚህ ሁኔታዎች ባይሟሉም በአብዛኛው እንደሚጠቅም፣ ሲሟሉ ግን ውጤቱ እንደሚጎላ አሳይተዋል።

ኦልፖርት መጽሐፉን ባወጣበት ዓመት ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዳማ አቅራቢያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ የመጡ ሠራተኞች በአንድ የአገዳ ማሳ ተገናኙ። ትብብሩም የጋራ ሥራውም ነበር። የውጭ አገር ኃላፊውና አገዳ ቆራጩ ግን በደረጃ የተራራቁ ነበሩ። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦች ትከሻ ለትከሻ ሲተዋወቁ፣ ከላይ ወደ ታች ያለው ግንኙነት የትእዛዝ ብቻ ሆኖ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነበር።

እድር ከዚህ ይለያል። ወርሃዊ መዋጮው ለሁሉም አንድ ነው፤ ከለቅሶ የቀረ ማንም ይሁን ማን በደንቡ ይቀጣል። ድንኳን የሚተክለው ጎረቤት የሟቹን ቋንቋ ላይናገር ይችላል፤ የሐዘኑን ቤት ግን ከውስጥ ያየዋል። የሰው ሐዘን የሚገባው ከምክር ይልቅ በዚህ መንገድ ነው።

ደራ በምትገኝበት በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ሲንቄ አለ። ሙሽራዋ በሠርጓ ዕለት ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ጠብ መቆም አለበት። እዚህ ላይ ኦልፖርት የጠቀሰው የልማድ ድጋፍ በግልጽ ይታያል፦ ለተቃራኒ ወገን መራራት የግለሰብ ቸርነት ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡ የሚያከብረው ግዴታ ይሆናል።

እድርም እንከን አለው። በሃይማኖት ወይም በትውልድ ቦታ የተደራጀ እድር አባላቱን እያቀራረበ ሌላውን በደጅ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ የአንድ ማኅበር ልበ ሰፊነት የሚመዘነው አባል የመሆን መብት ለማን እንደተሰጠ በመጠየቅ ብቻ አይደለም። ትናንት ከሌላ አገር የመጣው ጎረቤት ነገ የእድሩ ዳኛ ሆኖ መመረጥ ይችላልን? የእኩልነት ፈተናው ይህ ጥያቄ ነው።