ስለ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፤ በወጣትነት ዘመን እግዚአብሔርን ስለ ማገልገል

ይህ የደብራችን የሃምሳኛ ዓመት ኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ፥ ቦታውን የሰጡት፥ ታቦቱን ያስመጡት፥ ጣራውን ያለበሱት ሰዎች ስማቸው እንዳይረሳ በየተራው ተመዝግቧል። ይህም የተገባ ነው፤ በጎ ሥራ የሠራ ሰው ስሙ ሊጠራ ይገባዋልና። ነገር ግን መዝገቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባነበብሁት ጊዜ የአንዲት ወጣት ሴት ስም እንኳ አላገኘሁበትም። ሕንፃው ሲሠራ ውኃ የቀዱት፥ አሸዋ ያመላለሱት፥ ለሠራተኛውም እንጀራ የጋገሩት ቆነጃጅት እንደ ነበሩ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ስለ እነርሱ በመጻፍ ፈንታ፥ እንደ እነርሱ ወጣት ሳለች እግዚአብሔርን ለማገልገል የተነሣች የአንዲት እናታችንን ታሪክ ልጽፍ ወደድሁ።

ይህችም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከታላላቅ ወገን ነው፤ አባቷ ባሕር ሰገድ፥ እናቷም ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ለአካለ መጠን በደረሰች ጊዜ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆችም ወለደች፤ ሦስቱም ገና ሕፃናት ሳሉ ሞቱባት። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ገና ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላት ሀብቱንም፥ ክብሩንም፥ የልጅ ሐዘኑንም ሁሉ ያየች ሴት መሆኗን ልብ በል።

በዚያ ዘመን ኢየሱሳውያን መምህራን ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ንጉሡን ወደ ሮማ ሃይማኖት ይስቧቸው ነበር። ከዚህም የተነሣ አገሩ ተከፈለ። በ1609 ዓ.ም. ንጉሡን በመቃወም ከተነሡት ሰዎች ጋራ የነበሩት ጳጳሱ አባ ስምዖን ሰዳ በተባለው ቦታ በጦርነቱ ተገደሉ። የወለተ ጴጥሮስ ባል ከንጉሡ ወገን ነበረ። ገድሏ እንደሚናገረው፥ ባሏ በጳጳሱ ሞት ከተባበሩት ጋራ መሆኑን ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋራ መብላትንም መኝታንም ተወች። ቀድሞም አንድ ጊዜ ከቤቱ ወጥታ፥ በእርሷ ምክንያት በሰው ላይ የመጣውን ጥፋት አይታ ተመልሳ ነበር፤ አሁን ግን የልቧን ጽናት ቢያይ ለቀቃት። እርሷም የምንኵስና ልብስ ለበሰች።

ብዙ ሰው ታሪኳን ሲያወሳ ከዚህ ቀጥሎ ወደ ንጉሡ ችሎት ይሮጣል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለውን ጥቂት ጊዜ ማየት ይሻለናል እላለሁ። የእመቤትነት ኑሮ የለመደች ሴት እንደ ገረድ ሆና እህል ፈጨች፥ ውኃ ቀዳች፥ እንጨት ተሸከመች። የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ የሆነችውን እኅተ ክርስቶስንም ያገኘቻት በዚህ በምንኵስናዋ መጀመሪያ ነው፤ እርሷም እንደ ወለተ ጴጥሮስ ትዳሯንና ቤቷን ትታ የመጣች ሴት ነበረች። በኋላ በንጉሥ ፊት ያልተንቀጠቀጠው ጉልበት አስቀድሞ በወፍጮ ሥር ተንበርክኮ የጠና ጉልበት ነው።

በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ ገለጡ። ወለተ ጴጥሮስም ከቦታ ወደ ቦታ እየዞረች፥ ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለውጥ፥ ካህናቱም የንጉሡን ስም በቅዳሴ እንዳይጠሩ ታስተምር ጀመር። ስለዚህ ተይዛ በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ቆመች። ሊገድሏትም ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ወገኖቿ ብዙዎች ስለ ነበሩ ሞቱ ቀረላት። ከዚህ በኋላ የኢየሱሳውያኑ አለቃ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በቃል ያሳምኗት ዘንድ ለእርሳቸው ተሰጠች፤ እርሷ ግን ለክርክሩ መልስ እየሰጠች በሃይማኖቷ ጸናች። በመጨረሻ ዠበይ ወደሚባለው ሞቃት በረሃ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ተቀመጠች።

ንጉሡ ብቻዋን ትቀራለች ብለው ነበር። ነገሩ ግን እንዳሰቡት አልሆነም፤ ግዞቷን የሰሙ ሴቶችና ወንዶች እየተከተሉ ወደ ዠበይ መጡ፥ የግዞት ስፍራውም የማኅበር ስፍራ ሆነ። ከዚያ ከወጣች በኋላ በጣና ሐይቅ ዙሪያና በሌላውም አገር ማኅበራትን አቆመች፤ ገድሏ በጠቅላላው ሰባት ይቈጥራል፥ ከእነርሱም ዠበይና ዛጌ ይገኛሉ። በነዚህ ማኅበራት ለጸሎት፥ ለሥራና ለማዕድ ሥርዓት ነበረ፤ ሁሉም የጋራ እንጂ የግል ገንዘብ አልነበረም። ወንዶቹም ሴቶቹም እርሷን እናታችን ብለው ይታዘዟት ነበር። በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐዋጅ ነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ በተዉ ጊዜ፥ የመከራው ዘመን አለፈ። እርሷም ማኅበሯን እየመራች ቆይታ በ1635 ዓ.ም. ኅዳር 17 ቀን በ50 ዓመት ዕድሜዋ ዐረፈች። ከእርሷም በኋላ እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን መራች።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ከዕረፍቷ 30 ዓመት ያህል በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ፥ በዓይናቸው ካዩአትና ከሚያውቋት ሰዎች እየሰማ ገድሏን ጻፈ። ያ ባይጻፍ ኖሮ እኛ ስለ ወለተ ጴጥሮስ ምን እናውቅ ነበር? የንጉሡ ታሪክ በዜና መዋዕል ተጽፏል፤ የሜንዴዝም ነገር በራሳቸው መጽሐፍና ደብዳቤ ቀርቷል። የወፍጮዋና የእንስራዋ ታሪክ ግን የቀረልን አብረዋት የኖሩት ሰዎች አንረሳም ስላሉና አንድ ጸሐፊም ብራና ስለ ዘረጋ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ይህን ታሪክ ለመጻፍ የተገባሁ አልሆንም። በቅኔ ተማሪነቴ ዘመን ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ ይዤ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ቁራሽ እለምን ነበር። በአንድ ደጅ ዐሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች፤ ውሻውን ይዛ ከገዛ ምሳዋ ቈርሳ ትሰጠኝ ነበር። አንድ ቀን የቈጠርሁትን ጉባኤ ቃና በደጃቸው ቆሜ ለራሴ ስደጋግም ሰማችኝ። በሦስተኛው ቀን ብመለስ አንድ ቃል ሳትስት በቃሏ አወረደችልኝና፥ «ተሜ፥ ሰሙን ንገረኝና ወርቁን እኔ ልፈልገው» አለችኝ። እኔም ስቄ፥ «ይህ ለሴት ልጅ አይደለም» ብያት ቁራሼን ተቀብዬ ሄድሁ። ከዚያ ወዲያ ምግቡን መስጠት አልተወችም፤ ጥያቄውን ግን ደግማ አልጠየቀችኝም።

ይህን ባልሁ ጊዜ በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፥ በቅኔ መምህርነት ወንበር ተቀምጠው ብዙ ወንዶችን ያስተማሩ መሆናቸውን አላወቅሁም ነበር። ባውቅ ኖሮ አፌ ይያዝ ነበር። እኔ የበላሁት እንጀራ አምልኮ ነበረ፤ የከለከልሁትም ቃል አምልኮ ነበረ። የዚያችን ልጅ ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።

እንግዲህ ውድ እኅቶቻችንና ልጆቻችን ሆይ፥ የወለተ ጴጥሮስን ታሪክ ስናነብላችሁ ሁላችሁም ትዳር ትታችሁ በረሃ ውረዱ ማለታችን አይደለም፤ ለሁሉም ጥሪው ለየብቻው ነው። ነገር ግን እግዚአብሔርን ለማገልገል እስክታረጁ አትጠብቁ፤ በእጃችሁ ያለው ሥራም ትንሽ አይምሰላችሁ። ለደብራችን አለቆችና ሽማግሌዎች ደግሞ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፥ በሕይወት ያሉ እናቶች ተጠይቀው በወጣትነታቸው ደብሩን የረዱት ሴቶች ስም በዚሁ መዝገብ ይጨመር። ሁለተኛ፥ በአብነት ትምህርት ቤታችን ለሴቶች ልጆች ስፍራ ይሰጥ፤ ወርቁን ፍለጋ የምትመጣውን ልጅ ከደጅ የሚመልስ አይኑር።

በመጪው ኢዮቤልዩ መዝገቡን የሚያነብ ሰው የእናቶቹንና የእኅቶቹን ስም እንዲያገኝበት እግዚአብሔር ይርዳን። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎቷና በረከቷ ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።