የከተማን ሙቀት በየሰፈሩ መለካት

የአንድ ከተማ ሙቀት በዜና ሲነገር የሚጠቀሰው አኀዝ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በገላጣ ሜዳ ከተተከለ ጣቢያ ነው። በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መመሪያ መሠረት የሙቀት መለኪያው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከሕንጻና ከአስፋልት ርቆ ይቀመጣል። ይህ የአካባቢውን አጠቃላይ የአየር ጠባይ ለማወቅ ይረዳል፤ ነዋሪው በሚያድርበት ሰፈር ያለውን ሙቀት ግን አያሳይም።

ልዩነቱን ቀድሞ ያጠናው እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደንን ከዙሪያዋ ገጠር ጋር አነጻጽሮ፣ ከተማዋ በተለይ ሌሊት ከገጠሩ እንደምትሞቅ አሳይቷል። ክስተቱ ዛሬ «የከተማ ሙቀት ደሴት» ይባላል። አስፋልትና ኮንክሪት ቀን ያከማቹትን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቃሉ፤ ዛፍና እርጥብ አፈር በተመናመኑበት ሰፈር ደግሞ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ትነት ይቀንሳል።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በቺካጎ በደረሰው የሙቀት ማዕበል ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ሌሊቱም የማይቀዘቅዝ ከሆነ ሰውነት ከቀኑ ሙቀት የሚያገግምበት ጊዜ ያጣል።

ሳተላይት ሰፊ ቦታ ይቃኛል፤ ነገር ግን የሚለካው በዋናነት የጣሪያንና የመንገድን ገጽ እንጂ ሰው የሚተነፍሰውን አየር አይደለም፤ ደመናም ይጋርደዋል። ስለዚህ አንዳንድ ከተሞች ብዙ ዳሳሽ መሣሪያዎችን አቀራርበው መትከል ጀመሩ። በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው መረብ 40 ጣቢያዎች ነበሩት፤ 36ቱ የተገጠሙት በትራፊክ መብራት ምሰሶዎች ላይ ነው። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ደግሞ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ዳሳሾች በትምህርት ቤቶች ተተክለዋል።

የመሣሪያ ብዛት ብቻውን ትክክለኛ መረጃ አይሰጥም። ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው ዳሳሽ የአየሩን ሳይሆን የራሱን ሙቀት ያነባል፤ ስለዚህ አየር በሚያሳልፍ ነጭ መከለያ ይሸፈናል። ከመተከሉ በፊት ከታመነ መለኪያ ጎን ተቀምጦ ይፈተሻል፤ ከዚያም በየጊዜው ይጸዳል፣ ንባቡም ከጎረቤት ጣቢያዎች ጋር ይነጻጸራል።

በዚህ መንገድ የተገኘ መረጃ ዛፍ የት ቢተከል እንደሚበጅ፣ ማስጠንቀቂያውም ለየትኛው ሰፈር መቅደም እንዳለበት ይጠቁማል። ሆኖም ዳሳሾቹ በባለጸጎች ሰፈር ብቻ ከተከማቹ፣ ጥላ አልባውና የተጨናነቀው መንደር ከካርታው ውጭ ይቀራል። የቦታ መረጣው ከመሣሪያው ጥራት እኩል ትኩረት የሚሻውም በዚህ ምክንያት ነው።