መንገዱ ያልቃል፣ ተራው አያልቅም፦ የአሰብና የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ታሪክ ባጭሩ



በእድራችን መዝገብ ላይ ስማቸው ከሰፈረው መካከል ብዙዎቹ በጭነት መኪና ሥራ የኖሩ፣ ወይም በዚሁ ሥራ ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ስለ ሾፌር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ፍሬኑና ስለ በረሃው ነው። ሾፌሩን ራሱን ብትጠይቁት ግን «መንገዱስ ያልቃል፤ አላልቅ ያለኝ ተራው ነው» ይላችኋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ብዙ ያልተነገረለትን የወደብ ላይ ጥበቃ ታሪክ ባጭሩ አቀርባለሁ።

እንደሚታወቀው አሰብን በመጀመሪያ የያዘው ሩባቲኖ የሚባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1862 ዓ.ም. መሬቱን ከአካባቢው ገዥዎች ገዛ። በ1874 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን መንግሥት ተረከበው። ከደሴ ወደ አሰብ የሚወስደው የመኪና መንገድም የተሠራው በወረራው ዘመን ነው። ይሁንና ትልልቅ መርከቦች የሚጠጉበት ዘመናዊ ወደብ የተሠራው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዩጎዝላቪያ እርዳታ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ማለቂያ ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያው ቆመ። ከዚያ በኋላ ቦቴውም ደረቅ ጭነት የሚጭነውም ወደ አሰብ ጎረፈ። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባን ከጅቡቲ ያገናኘው ባቡር የያዘውን ሥራ የጭነት መኪናው ተሻማው ማለት ይቻላል።

ከአዲስ አበባ አሰብ ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዚያን ጊዜው መኪና ፊያት ኤንትሬ ነበር፤ ኋላው ላይ ተሳቢ ተቀጥሎበት ወደ 200 ኩንታል ይጎትታል። መንገዱ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ፣ ማንዳንና ቡሬን አልፎ ባሕሩ ላይ ይወርዳል። በኋላ በአዋሽና በገዋኔ የሚያልፈው መንገድ ሲሠራ ደጋውን መውጣትና መውረድ ቀረ። ሲወርድ ቡናና ቆዳ፣ ሲመለስ የፋብሪካ ዕቃ፣ ብረት፣ ማዳበሪያ ወይም የአሰብ ጨው ይጫናል። ወይም ባዶውን ወርዶ ተራ ይጠብቃል።

እንግዲህ ወደቡ ላይ ሲደረስ ነው ጉዱ! ሾፌሩ ወረቀቱን አስመዝግቦ ይሰለፋል። መርከቡ ገና ባሕር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ መርከቡ ቢጠጋ ክሬኑ ተበላሽቶ፣ ክሬኑ ቢሠራ የጉምሩኩ ሰነድ ሳያልቅ ይቀራል። ከአንዱ ጋር ሌላው ሲገጥም ደግሞ ሠራተኛው ለምሳ ወጥቷል። በሞቃቱ ወቅት የአሰብ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ምጣድ ላይ እንደ መቀመጥ ስለሆነ፣ ሾፌርና ረዳት ተሳቢው ሥር ሸራ አንጥፈው ይውላሉ፤ እዚያው ወጥ ይሠራል፣ እዚያው ሻይ ይፈላል፣ እዚያው ይታደራል። ረዳቱ ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ሾፌሩ ዓይኑን ከሰልፉ አያነሣም፤ አንድ ቀን ያመለጠ ተራ ሳምንት ያስከፍላልና። ገቢው በምልልስ የሚቆጠር መኪና ደግሞ ሲቆም አይበላም፤ ባለቤቱንም ሾፌሩንም ይበላል እንጂ።

ከአብዮቱ በኋላ የጭነት መኪናዎች በቀጣና ተደራጅተው በስምሪት እንዲሠሩ ተደረገ። ማን፣ መቼ፣ ምን፣ ወዴት እንደሚጭን የሚወስነው የስምሪት ጽሕፈት ቤቱ ሆነ። ይህ አሠራር ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል ደላላን አስወግዶ ዘመድ የሌለውም ሾፌር ጭነት እንዲያገኝ አደረገ። በሌላ በኩል ግን ባለመኪናው ንብረቱን እንደ ልቡ ማሰማራት ተሳነው፤ ታሪፉም የተወሰነ ስለሆነ ጎማ ያለቀበት መኪና ሌላ ጎማ ሳያገኝ ይቆማል።

የወደብ ጥበቃ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ አገር ሁሉ ያየው በ1977 ዓ.ም. ነው። በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ፣ የእርዳታ እህል በመርከብ መጥቶ አሰብ ላይ ተራገፈ። እህሉ ልቅ ሆኖ ስለመጣ እዚያው ወደቡ ላይ በጆንያ እየተሞላ ይከመር ነበር። መርከቡ የሚያራግፈው ብዙ፣ የሚያነሣው መኪና ጥቂት ስለነበረ ክምሩ ከቀን ወደ ቀን እያደገ ሄደ። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ከአሰብ እህል ያመላልሱ ነበር፤ ነገር ግን አንድ አውሮፕላን በአንድ በረራ የሚያነሣው ከአንድ ባለተሳቢ መኪና ጭነት እምብዛም አይበልጥም። ዞሮ ዞሮ ክምሩን ያነሣው በጎማ የሄደው ነው። በዚያ ዓመት እህል የጫነ ሾፌር፣ የሚነዳው ጭነት ብቻ ሳይሆን የሰው ነፍስ መሆኑን ያውቅ ነበር። ተራ ሲዘገይ የሚጎዳው የሱ ኪስ ብቻ አልነበረም።

በ1984 ዓ.ም. የስምሪቱ አሠራር በአዋጅ ቀርቶ ማጓጓዣው ለነፃ ገበያ ተለቀቀ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የአሰብ በር ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ፊቱን በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ አዞረ። በአንድ ክረምት የሾፌሮች የዕድሜ ልክ መንገድ ተለወጠ። ዛሬም የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በዚሁ ነው። ጆንያው ለኮንቴይነር ቦታ ለቀቀ፤ በ2001 ዓ.ም. ዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ ተከፈተ፣ ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ ተሠራ፣ በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ባቡሩ መደበኛ ሥራ ጀመረ። ክሬኑ ፈጠነ፤ ጥበቃው ግን ቦታውን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን፣ ፒ.ኬ. 12 የሚባለውን የመኪና መቆሚያ የማያውቅ የመስመሩ ሾፌር የለም። ተሳቢው ሥር የሚነጠፈው ሸራም ያው ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የእድር ደንብ ከቀብር የቀረን አባል ይቀጣል፤ ደግ ደንብ ነው፣ እድርን እድር ያደረገውም ይኸው ነው። ሾፌር ግን በፈቃዱ አይቀርም። ጡሩምባው ሲነፋ እሱ 900 ኪሎ ሜትር ርቆ ቁጥሩ እስኪጠራ ይጠብቃል። ስንት ዘመን ሚስቱ ናት በሱ ፈንታ መዋጮውን የከፈለች፣ ድንኳን ውስጥ ያደረች፣ ቅጣቱንም ከአስቤዛዋ ቀንሳ የሰጠች። መንገድ ላይ ሞት ሲመጣ ደግሞ አስከሬኑን ከአፋር በረሃ ለማምጣት ቤተሰብ ብቻውን ይንከራተታል።

ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ነገር ቢያስብበት እላለሁ። አንደኛ፣ ሾፌርና ረዳት የሆኑ አባሎቻችን ቀኑ የታተመበትን የመጫኛ ወረቀት ሲያቀርቡ ከቀሪ ቅጣት ነፃ ቢሆኑ። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ ለሚያርፍ አባል አስከሬን ማምጫ የሚሆን ገንዘብ ከመዋጮው ተለይቶ ቢቀመጥ። እነሱ የጫኑትን በልተናል፣ ለብሰናል፣ በብረቱም ቤት ሠርተናል። የነሱን ተራ መጠበቅ ለኛ ከባድ አይሆንም።

መንገድ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።