ቢጫ ወባ በኩርሙክ በር

ኩርሙክ ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከሱዳን ጋር በምንዋሰንበት ጫፍ ላይ ትገኛለች። በ1959 (እ.ኤ.አ.) ቢጫ ወባ ተነስቶባት ብዙ ሰው ፈጀ። በሽታው ያኔ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው በአሶሳ አካባቢም ታየ። ስሙ «ወባ» ይባል እንጂ ከወባ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቫይረስ ነው፣ ትንኝ ታስተላልፈዋለች፣ ጉበትን ይበላል።

ኩርሙክ መቅድሙ ነበረች። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞ ሸለቆ፣ መቶ ሺህ ያህል ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ለረሃብ ቀን መከታ የሆነው የጓሮ እንሰት፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ውኃ እየያዘ የትንኟ መራቢያ ሆኖ ተገኘ።

ከታመመው የሚበዛው ግን ይተርፋል። እንዴት? በደም ውስጥ የሚዞረውን ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካላት ይይዙታል። ሴል ውስጥ ከገባ ግን አይደርሱበትም፤ ያን ጊዜ ተራው የገዳይ ቲ ሴል ነው። እያንዳንዱ ሴል በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ቁራሽ ቁራሹን አውጥቶ በገላው ላይ ያሳያል፤ ቫይረስ የገባበት ሴል ሳይወድ የቫይረሱንም ያሳያል። በ1974 ካንቤራ ላይ አውስትራሊያዊው ፒተር ዶኸርቲና ስዊዘርላንዳዊው ሮልፍ ዚንከርናገል በአይጥ እንዳረጋገጡት፣ ገዳዩ የሚመታው የባዕዱን ቁራሽ ከራሱ አካል መለያ ጋር አንድ ላይ ሲያይ ብቻ ነው። በ1996 ኖቤል ተሸለሙበት። ገዳዩ ሴሉን ተጠግቶ ፐርፎሪን በሚባል ፕሮቲን ሽፋኑን ይበሳል፣ ግራንዛይም ያስገባል፤ ሴሉም ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ገዳዩ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ይህን ሠራዊት ሰው ሳይታመም የሚያሠለጥን ክትባት አለ። በ1927 አሲቢ ከተባለ የጋና ሰው ደም የተገኘውን ቫይረስ ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ በጫጩት ሽል ሕብረ ሕዋስ ደጋግመው አሳድገው አዳከሙት፤ በ1937 «17ዲ» ተወለደ። ሕያው ስለሆነ ሴል ውስጥ ይገባል፤ ገዳዮቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ይበዛሉ፣ ጥቂቶቹም ለዓመታት ይቆያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አንዱ መርፌ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ብሏል።

እንግዲህ አንባቢ ይቁጠረው፤ ኩርሙክ ስትታመም ክትባቱ 22 ዓመቱ ነበር። የኦሞ ሰው ግን ሳይከተብ ነው በሽታው የደረሰበት። በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ዞን ተመልሶ ታየ፤ ዳግም በእንሰት አገር።