ማብሪያ ማጥፊያውና የመስመሩ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1879 ቻርልስ ብረሽ በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ አደባባይ ያበራቸው 12 የአርክ መብራቶች በተከታታይ የተያያዙ ነበሩ። ይህ አሠራር ለአደባባይ ቢስማማም ለመኖሪያ ቤት አይበጅም ነበር፤ አንዱ መብራቱን ለማጥፋት መስመሩን ቢቆርጥ የሁሉም ይጨልማልና።

ቶማስ ኤዲሰን አምፑሎቹን በትይዩ ማያያዝን መረጠ። ይሁን እንጂ በትይዩ መስመር የየአምፑሉ ፍሰት ስለሚደመር ወፍራምና ውድ የመዳብ ሽቦ ማስፈለጉ አልቀረም። ስለዚህም ፍሰትን የመግታት ኃይሉ ከፍ ያለ፣ ጥቂት ፍሰት የሚበቃው የአምፑል ክር ሠራ።

እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ የፐርል ስትሪት ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ አምፑል ከአምፑል በትይዩ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ግን ከገዛ አምፑሉ ጋር በተከታታይ የሚያያዝበት ሥርዓት ለከተማ አገልግሎት ዋለ። እኛም ፕላን ስንነድፍ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ «አንዱ ሲያጠፋ በማን ላይ ይጨልማል?» ብለን ነው።