ስለቱ ሲቆም፦ በሾዋክና በአካባቢው በስሱ የመቁረጥ ታሪክ

ሾዋክ በምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍን ከከሰላ በሚያገናኘው መንገድ ላይ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች አነስተኛ ከተማ ስትሆን፣ በደጇ የሚያልፈው ውኃ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው፤ ከጎንደር በኩል የሚነሣው ጓንግ ድንበር ተሻግሮ አትባራ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ተከዜ የሚባለው ወንዝ ደግሞ ሰቲት የሚለውን ስም ይዞ ከከተማዋ በላይ ይቀላቀለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቁት የሩሜላና የቡርዳና መንታ ግድቦች የተሠሩትም በዚሁ መገናኛ አጠገብ ነው። ለአካባቢው ማዕድ ግን ከወንዙ ይልቅ የዝናቡ አጭርነትና የፀሐዩ ብርታት ወሳኝ ሆኖ ኖሯል፤ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ጥሎ ሲያበቃ፣ ቀጥለው የሚመጡት ረጅም ደረቅ ወራት በወቅቱ የተገኘውን ሥጋና አትክልት አድርቆ ማቆየትን ግድ ይላሉ። ለማድረቅ ደግሞ በስሱ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ወፍራም ቁራጭ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሸታልና። ስለዚህ በሾዋክ ዙሪያ ስስነት የማዕድ ጌጥ ከመሆኑ በፊት የስንቅ ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ ማንዶሊን የሚባለውን የመክተፊያ ሰሌዳ በየቤቱ እንዴት ያለ ጉዳት መጠቀም እንደሚቻል የሚነሣው ጥያቄም በዚህ ረጅም ታሪክ መጨረሻ ላይ የመጣ ነው።

በሱዳን በኩል ሥጋው ረጅምና ቀጭን ሆኖ ይተለተልና በገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ይህ ሻርሙት ይባላል፣ ከደረቀም በኋላ ተወቅጦ ሙላህ ለሚባለው ወጥ ይገባል። በጎንደርና በሌሎቹ የኢትዮጵያ ደጋዎች ቋንታ የሚባለው የዚሁ ወንድም ሲሆን፣ ልዩነቱ የተዘለዘለው ሥጋ ከመሰቀሉ በፊት በበርበሬና በጨው መታሸቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በአትባራና በሰቲት ዳርቻ የተጓዘው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር፣ የሐምራን ዐረቦች ያደኑትን አውሬ ሥጋ በረጅሙ እየቆራረጡ እንዴት በፀሐይ እንደሚያደርቁ ጽፎ አልፏል። ባሚያም እንዲሁ ተከትፎ ይደርቅና ሲፈጭ ወይካ የሚባለውን ዱቄት ይሰጣል፤ የምሥራቅ ሱዳን ሙላህ ብዙውን ጊዜ የሚወፍረው በእርሱ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ሁለት ዓይነት ዕድል አለው፤ በስሱ ተቆርጦ ለክፉ ቀን በፀሐይ ይደርቃል፣ ወይም ከእሳቱ ላይ እስኪጠቁር ተጠብሶና ተወቅጦ ተቀሊያ ለሚባለው ወጥ መሠረት ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ቁራጩ እኩል ስስ መሆን አለበት፤ አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም ከሆነ አንዱ ሲያርር ሌላው ጥሬ ይቀራል። የኢትዮጵያ ወጥ ግን ከሽንኩርት የሚፈልገው ስስነትን ሳይሆን ድቀትን ነው፤ ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቅ ድስት ይቁላላል። ድንበሩን ተሻግረው የተገናኙት ሁለቱ ማጀቶች አንዱን ሽንኩርት በሁለት ቋንቋ የሚቆርጡት ለዚህ ነው።

የሽንኩርት ማድረቅ ሥራ ከቤት ወጥቶ ፋብሪካ የገባበት ጊዜም አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ሱዳን ውስጥ ከተቋቋሙት ተቋማት መካከል የገዳሪፍ የእህል ጎተራና የከሰላ የሽንኩርት ማድረቂያ ፋብሪካ ይገኙበታል፤ በሁለተኛው ውስጥ ሽንኩርቱን የሚያሳሳው የማሽን ስለት፣ የሚያደርቀውም ሙቅ አየር ነበር። ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለው ቤተሰብ ግን በቢላዋና በፀሐይ ቀጠለ፤ ይህም ለታሪኩ ትልቁን ክፍል ይሰጠዋል።

በዚህ አካባቢ ጓዳዎች ቢላዋ የሚያዝበት ሥርዓት ያልተጻፈ ቢሆንም ጥብቅ ነው። ባለሙያዋ ሽንኩርቱን ልጣ በግራ መዳፏ ትይዘዋለች፤ በቀኝ እጇ ቢላዋ መጀመሪያ በቁመቱ፣ ከዚያ በአግድሙ መስመር ታወጣበትና በመጨረሻ ከላይ እየገፈፈች ወደ ሳህኑ ትጥለዋለች። መክተፊያ ሰሌዳው መዳፏ ነው። ስለቱ ወደ አውራ ጣቷ ይመጣል፣ ነገር ግን ቆዳዋን ሳይነካ ይቆማል፤ የሚያቆመውም ዓመታት የፈጀ የእጅ ልምድ ነው። ሥጋ ሲዘለዘል ደግሞ አንዱ ጫፉን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው ቢላዋውን ከያዡ እጅ አርቆ ይስባል። የዶሮ ብልት አወጣጥ የዚህ ሥርዓት ከፍተኛ ትምህርት ነው፤ ዶሮዋ በ12 ብልት የምትከፈለው አጥንቷ ሳይሰበር መጋጠሚያውን በስለት ጫፍ እየፈለጉ ስለሆነ፣ ይህን የቻለች ሴት ቢላዋን የት ማሳለፍ እንዳለባት ብቻ ሳይሆን የት ማቆም እንዳለባትም ታውቃለች። በእነዚህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ስለቱ ነው፤ የሚቆረጠው ነገርና የያዘው እጅ በስፍራቸው ይቆያሉ፣ ዓይንም የሚንቀሳቀሰውን ይከተላል። ይህ ነጥብ ቀላል ቢመስልም የኋላው አደጋ ሁሉ ከእርሱ ስለሚነሣ መያዝ ይገባዋል።

ሁለቱን ማጀቶች በአንድ ግቢ ያገናኘው የስደት ዘመን ነው። ከኤርትራ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ብዙ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ1967 ምሥራቅ ሱዳን ገቡ፤ ሾዋክም ውላ አድራ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለምሥራቁ ክፍል ጽሕፈት ቤት የከፈቱባት ከተማ ሆነች። በ1977 ዓ.ም. የረኀብ ዘመን የወሎ፣ የትግራይና የጎንደር ሰዎች በየመጠለያ ሰፈሩ ተጨናንቀው ሲኖሩ፣ ኋላ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ያለፉበት ኡም ራኩባም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ያው ኡም ራኩባ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. በኋላ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል እንደገና ተከፈተ፤ ከ60,000 በላይ ሰዎች በሐምዳይትና በሌሎች በሮች ሱዳን ገቡ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የከተማ ሱዳናውያን ራሳቸው ተፈናቅለው ወደ ገዳሪፍ መጡ። በመጠለያ ለአንድ ቤተሰብ ያለው ስለት ብዙ ጊዜ አንድ ቢላዋ ነው፤ ይኸው ቢላዋ ሥጋም፣ ሽንኩርትም፣ ገመድም ይቆርጣል፣ በድንጋይም ይሳላል። የደነዘ ቢላዋ ኃይል ይፈልጋል፣ ኃይል የበዛበት እጅ ደግሞ ያዳልጠዋል፤ ሙያዋን አገሯ ላይ ያስመሰከረች ሴት በስደት እጇን የምትቆርጥበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የስለት መሳል ሳይሆን የስለት መደነዝ ነው።

ማንዶሊን የተባለው ዕቃ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ከአንድ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ጋር ስሙን የሚጋራው ይህ መሣሪያ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሲሆን፣ በመካከሉ ስለት ተገጥሞለት፣ የሰሌዳው አንዱ ወገን ከስለቱ ጥቂት ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይሠራል፤ የዝቅታው መጠን የቁራጩን ውፍረት ይወስናል። የአናጢ መላጊያ በጀርባው ተገልብጦ ቢቀመጥና እንጨቱ በላዩ ቢገፋ አሠራሩ አንድ ነው። በአውሮፓ የዚህ ዕቃ ዘመዶች ጥንታዊ ናቸው፤ በተለይ በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ጥቅል ጎመንን በጨው አኮምጥጠው ለክረምት የሚያቆዩ ገበሬዎች ስለት የተገጠመለትን ረጅም ሰሌዳ ለዚሁ ሥራ ይጠቀሙበታል። እዚያ ስስነቱን የጠየቀው ጨውና ብርድ፣ በሾዋክ ደግሞ ፀሐይና ድርቀት መሆኑን ላስተዋለ፣ የሁለቱ አገር ሰዎች ሳይተዋወቁ ለአንድ ችግር መልስ ሲፈልጉ እንደነበር ይታየዋል። ፈረንሳውያን ዕቃውን በብረት ሠርተው የሆቴል ወጥ ቤት ጓደኛ አደረጉት፤ ጃፓናውያን ቀለል ባለ ፕላስቲክ ሠሩት፤ የቻይና ፋብሪካዎችም እያረከሱ ዓለምን አዳረሱበት። በቀጭኑ የሚቆረጥ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን የበዛበት የዛሬው የጾም ማዕድም ለዕቃው ሥራ አልነሣውም።

አደጋው ያለው ዕቃው ሥርዓቱን በመገልበጡ ላይ ነው። ቢላዋ ሲሄድ እጅ ይቆማል፤ በማንዶሊን ግን ስለቱ ቆሞ እጅ ይሄዳል። ዓይን ደግሞ በልማዱ የሚንቀሳቀሰውን ስለሚከተል በእጅ ላይ ይቀራል፣ ስለቱም በሽንኩርቱ ሥር ተሸሽጎ አይታይም። አትክልቱ በእያንዳንዱ ግፊት ባጠረ ቁጥር ጣት በዚያው ልክ ወደ ስለቱ ይቀርባል፣ የእጅ ፍጥነት ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ሥራው ሊያልቅ ሲል ይጨምራል። የብዙ ዓመት የቢላዋ ልምድ እዚህ አያድንም፤ ስለቱን የሚያቆመው ያ የአውራ ጣት ብልኃት ስለቱ ራሱ በማይንቀሳቀስበት ቦታ የሚሠራው ነገር የለውም። ስለዚህ በቢላዋ የተካነች ባለሙያ በማንዶሊን ፊት ጀማሪ መሆኗን መቀበል ይኖርባታል፤ ይህን መቀበል ለሙያዋ ውርደት አይደለም።

ነገሩ በሠርቶ ማሳያ ጊዜ ይብሳል። ሠርቶ ማሳያ ማለት አንድ ሥራ በቃል ብቻ ሳይነገር በተመልካች ፊት ተሠርቶ የሚሰጥ ትምህርት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ መደበኛ መልክ ከያዘባቸው ተቋማት መካከል እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ እና በ1968 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ይጠቀሳሉ፤ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ አሠራርም ለእናቶች የደረሰው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ከእነዚህ አስቀድሞ ግን የእናት ጓዳ ራሱ ሠርቶ ማሳያ ነበር። በእናት ጓዳ አስተማሪዋ የምታየው ሥራዋን ነው፣ ልጇም አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ታያለች፤ በአዳራሽ ወይም በስልክ ካሜራ ፊት ግን አስተማሪዋ ቀና ብላ ተመልካቹን እያየች ትናገራለች። እጇ በልማድ ይገፋል፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ ስለቱም አይጠብቃትም። ከዚህም በላይ ተመልካቹ የሚወስደው የተነገረውን ሳይሆን የታየውን ስለሆነ፣ የጣት መከለያውን ወዲያ አስቀምጣ በባዶ እጅ የምታሳይ ሴት ስለ ጥንቃቄ የፈለገችውን ያህል ብትናገር፣ ያስተማረችው ባዶ እጅን ነው።

ስለዚህ በሾዋክ ዓይነት ግቢ ለሚደረግ ማሳያ ዝግጅቱ ከመቀመጫው መጀመር አለበት። በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጦ ዕቃውን ጭን ላይ ማድረግ የአካባቢው የሥራ ልማድ ቢሆንም ለማንዶሊን አይሆንም፤ ሰሌዳው በጠንካራ ጠረጴዛ ወይም በተገለበጠ ሣጥን ላይ ሆኖ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ሊነጠፍለት ይገባል፣ እርጥብ ጨርቅ ሲጫኑት ይይዛልና። ሽንኩርቱ አስቀድሞ ከሁለት ተሰንጥቆ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ስለቱ ይዞራል፤ ክብ የሆነ ነገር ይንከባለላል፣ የሚንከባለል ነገርም ጣትን ይዞ ይሄዳል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት በዚህ አገር ላብና የሽንኩርት ውኃ እጅን ስለሚያሟልጩ በየመካከሉ እጅን ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዕቃው ጋር የሚመጣው የጣት መከለያ፣ ማለትም አትክልቱን በጥርሱ ነክሶ የሚይዘው ክዳን፣ ከመጀመሪያው ቁራጭ ጀምሮ መዋል አለበት። ስለትን የሚቋቋም ጓንትም ይረዳል፤ ስቴፋኒ ኩዎሌክ የተባለች ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1965 ያገኘችው ኬቭላር የተባለ ጠንካራ ክር ለእንዲህ ዓይነት ጓንት ይሠራበታል። ንግግሩን በተመለከተ ደንቡ አንድ ነው፤ አፍ ሲናገር እጅ ይቁም፣ እጅ ሲሠራ አፍ ይዘጋ።

አጠባው የተረሳው የአደጋ ምንጭ ነው። ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት ዕቃ ሁሉ በአንድ ሳፋ አረፋ ውስጥ ተነክሮ ስለሚታጠብ፣ ማንዶሊኑ ከሳህኖቹ ጋር ከገባ አጣቢዋ፣ ብዙ ጊዜም ትንሿ ልጅ፣ ስለቱን የምታገኘው በጣቷ ነው። ለብቻው፣ በብሩሽ፣ ከስለቱ ጀርባ ወደ ፊቱ አቅጣጫ መታጠብና ስለቱ ዝቅ ተደርጎ ልጆች በማይደርሱበት መቀመጥ ይኖርበታል። ቆዳ ከተቆረጠ ደግሞ በብዙ ቤት እንደሚደረገው የቡና ዱቄት መነስነስ ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር አይረዳም፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መያዝ፣ እጅን ከፍ ማድረግ፣ ደሙ ካልቆመ ወይም ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን መጠየቅ ይገባል።

ሰው ጣቱን የሚቆረጠው ግን ስለ ዕቃው ባለማወቅ ብቻ ሳይሆን በቁጠባም ምክንያት ነው፤ ሽንኩርት በውድ በሚገዛበት ሰፈር የመጨረሻዋን ጉጥ ለመጣል እጅ አይፈቅድም፣ ስለዚህም ቁራጩ ከጥፍር እስኪያንስ ድረስ ይገፋል። ለዚህ ደግሞ የአካባቢው ማጀት ከማንዶሊን በፊት መልስ ነበረው። ተቀሊያ የሚወደው የተወቀጠ ሽንኩርት ነው፣ ወጥም የሚወደው የደቀቀውን፤ ከስለቱ በላይ ሁለት ጣት ያህል ሲቀር ተነሥቶ ወደ መዳፍና ወደ ቢላዋ የተመለሰው ጉጥ ይከተፍና ድስት ይገባል፣ አለዚያም ሙቀጫ ውስጥ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ይወቀጣል።