ተማሪው መጽሐፉን አላመነውም

ሞተር እንዲዞር ኤሌክትሪኩ በትክክለኛው ቅጽበት አቅጣጫውን መቀየር አለበት፡፡ ቅጽበቱን ለማወቅ ደግሞ ዘንጉ አሁን የት እንዳለ የሚናገር ያስፈልጋል፡፡ ማን ይናገር? ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ ነው፡፡ ፊዚክስ ያስለቀሳችሁ ወገኖቻችን አትሽሹ፤ እኛንም አስለቅሶናል፡፡

የድሮው መልስ ካርቦን ነው፡፡ ድሪል ሲሠራ በጎኑ ቀዳዳ አጮልቆ ያየ ሰው ሰማያዊ ብልጭታውን ያውቀዋል፡፡ ካርቦኖቹ ከዘንጉ ጋር በሚዞረው የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበት ላይ ይንሸራተታሉ፤ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲያልፉ ኤሌክትሪኩ ይገለበጣል፡፡ ዘንጉ ያለበትን ቦታ ራሱ ተናገረ ማለት ነው፡፡ ችግሩ ካርቦን ያልቃል፣ ይበላል፣ ያቃጥላል፡፡

ካርቦኑን ለማስጣል የረዳው ግኝት የመጣው ስለ ሞተር ካላሰበ ልጅ ነው፡፡ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1879፣ ቦታው አሜሪካ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፡፡ ኤድዊን ሆል ገና 24 ዓመት አልሞላውም፡፡ የታላቁን የማክስዌልን መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ዓረፍተ ነገር አልዋጥ አለው፤ ማግኔት የሚገፋው ኤሌክትሪክ የተሸከመውን ሽቦ እንጂ ኤሌክትሪኩን አይደለም ይላል፡፡ ሆል ግን ኤሌክትሪክ የሌለበትን ሽቦ ማግኔት ዞር ብሎም እንደማያየው ያውቃል፡፡ ታዲያ እንዴት?

እኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ብናነሳ የሚጠብቀን መልስ የታወቀ ነበር፤ «መጽሐፉ ላይ ያለውን ጻፉ፣ ፈተና የሚመጣው እሱ ነው»፡፡ የሆል መምህር ሄንሪ ሮውላንድ ግን እሱም እንደሚጠራጠር፣ ራሱም ሞክሮ እንዳልተሳካለት ነገረው፡፡ ይህንን ስናነብ ቀንተናል፡፡

የሆል የመጀመሪያ ሙከራም ከሸፈ፡፡ ቀጥሎ ስስ የወርቅ ቅጠል መስታወት ላይ ለጥፎ በማግኔት መሐል አኖረ፤ ኤሌክትሪኩ በርዝመቱ ሲያልፍ በወርዱ በኩል ደግሞ ትንሽ ቮልቴጅ ተወለደ፡፡ ማግኔቱ የገፋው ኤሌክትሪኩን ራሱን ነበር! ወሩ ኦክቶበር ነው፤ ማክስዌል ኖቬምበር 5 ቀን ሞተ፡፡ የተገፋው ነገር ኤሌክትሮን መሆኑን ለማወቅ እንኳ እስከ 1897 መጠበቅ ግድ ነበር፡፡

ከዚያ ረጅም ዝምታ፡፡ በወርቅ ላይ ቮልቴጁ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሥራ አልያዘም፤ ሴሚኮንዳክተር ሲመጣ ግን ጎላ፡፡ በ1962 ዊልሰን እና ትሪኪ በካርቦን ፋንታ በትራንዚስተር የሚቀያየር ሞተር አቀረቡ፡፡ ዛሬ ብዙ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ሞተር ውስጥ ሦስት የሆል ሴንሰሮች ተቀምጠው የማግኔቱን ማለፍ ይጠብቃሉ፡፡ እያንዳንዱ የሚያውቀው «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ ግን ስድስት ዓይነት መልስ ይወጣል፡፡ ለተቆጣጣሪው ይበቃዋል፡፡ ልዝብ ጉዞ ለሚፈልግ ግን ስድስት እርምጃ ሻካራ ነው፤ ለዚያ የጀርመኑ ብላሽከ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው፣ የማግኔት መስኩን አቅጣጫ በስሌት የሚከተል ዘዴ አለ፡፡

አሁን ደግሞ ሴንሰሩን ጭራሽ የተዉ አሉ፡፡ ሞተር ሲዞር ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ተቆጣጣሪው ያንን አዳምጦ ቦታውን ይገምታል፡፡ የቆመ ሞተር ግን ምንም አያመነጭም፡፡ ስለዚህ መጀመሪያ በጭፍን ይገፋዋል፤ አንዳንድ የድሮን ሞተር ከመነሳቱ በፊት ትንሽ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው፡፡